ሠላሳ አንደኛው ሳጥን

ድራሙን መቅዳት የምንችለው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ከስቱዲዮው በላይ ያለው ፎቅ የልብስ ስፌት ድርጅት ነው። አርባ የሚሆኑ የስፌት መኪኖች አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ጣሪያው ይንቀጠቀጥና ንዝረቱ በግድግዳው ወርዶ ማይክራፎን ውስጥ ይገባል። ኪቦርድና ጊታር በገመድ ስለሚቀዱ ግድ የላቸውም። ድራም ግን ስምንት ማይክራፎን ይፈልጋል፤ ስምንቱም ጆሯቸው ቀጭን ነው። ስለዚህ ላይ ያሉት ሰፊዎች ምሳቸውን ሊበሉ በደረጃው ሲወርዱ፣ እኛ የራሳችንን ምሳ ትተን ወደ ሥራ እንገባለን። አንድ ሰዓት አለን። ከዚያም ላይ አሥር ደቂቃው ለማስተካከያ ይሄዳል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያች አንድ ሰዓት የቀዳነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ውሃ ልክ» የተባለውን ሥራ አራተኛ ክፍል።

«ውሃ ልክ» ሃያ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የአልበሙ ግማሽ እሱ ብቻ ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ሲኖርብኝ፣ ብዙ ክፍል ያለው ቤት ነው እላለሁ። በአንድ በር ትገባለህ፣ በሌላ ትወጣለህ፣ በመካከሉ የምታልፍባቸው ክፍሎች አንዱ ሌላውን አይመስልም። አባቴ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ሰማልኝና «መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ነበርን።

ሥራውን የደረሰው ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው። ምህንድስና ሲማር ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ስለወጣ ሁሉም ሰው ሐንዲሱ ይለዋል። ሐንዲሱ ሙዚቃን በኖታ አይጽፍም፤ በካሬ ወረቀት ላይ ሳጥን ይሥላል። አንዱ ሳጥን አንድ ዙር ነው፤ ውስጡ ስንት ምት እንዳለው በቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ ማን ምን እንደሚጫወት በቀለም ይጽፋል። ሃያ ሦስቱ ደቂቃ በወረቀት ተቀጣጥሎ ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን ይዞር ነበር። አራተኛው ክፍል ከሁለት ደቂቃ ፈቀቅ የሚል ሲሆን አርባ ስምንት ሳጥን አለው፤ እያንዳንዱ አሥራ ሦስት ምት። አሥራ ሦስት ለሰው እግር የተሠራ ቁጥር አይደለም። እግርህን ልትረግጥ ስታነሳ መሬቱ ቀድሞህ ይመጣል።

ድራመሩ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከሐንዲሱ ጋር አሥራ አራት ዓመት ተጫውቷል፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የሐንዲሱ ታናሽ እህት ባል ነው። እሷ የባንዱ ድምፃዊት ናት። ቤዝና ጊታር የሚጫወተው አራተኛው ሰው ዝምተኛው ይባላል፤ ይህን ስም ያወጡለት አፉ አርፎ ስለማያውቅ ነው። እኔ ድምፅ ቀጂው ነኝ። ዝምተኛው ኮሌጅ መጨረሴን ከሰማ ጀምሮ ምሁሩ ሲለኝ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

በተለመደው አሠራር ድራም መጀመሪያ ይቀዳል፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። እኛ ገልብጠን ነው የሠራነው። አንደኛው ምክንያት ሐንዲሱ ነበር። «ድራሙን ካስቀደምን ሁሉም ድራሙን ይከተላል። እኔ የምፈልገው ዜማውን የሚከተል ድራም ነው» አለ። ምት የሚቆጥር ማሽንም አልፈለገም፤ ሙዚቃው ይተንፍስ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ብቻውን በኪቦርድ መሪውን መስመር ተጫወተ፤ ሌሎቹ ያንን በጆሯቸው እየሰሙ የየራሳቸውን ጨመሩበት። ሁለተኛው ምክንያት ድምፃዊቷ ነበረች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት በቀዶ ጥገና እንዲወጣ ተቀጥሮላት ነበር። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ መናገር እንደማያቅታት፣ የላይኛውን ድምፅ ግን ቃል ሊገባላት እንደማይችል ነገራት። ሆስፒታል ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ባልና ሚስት አብረው መጡ፤ እሷ አራተኛውን ክፍል አንድ ጊዜ ዘፈነች። ከሃያ ስምንተኛው ሳጥን የሚነሳ ከፍ ያለ ድምፅ አለ፤ ትንፋሽ ሳትወስድ እስከ ሠላሳ አራተኛው ትይዘዋለች። ያዘችው። መስታወቱ ማዶ ሆኖ ሲሰማ የነበረው ባሏ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ጫማውን ሲያይ ትዝ ይለኛል።

ያ ድምፅ አልተመለሰም። ዛሬ ስትናገር ጉንፋን የያዛት ይመስላል።

ድራመሩ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። አንድ ቀን ሽቦ ሲጠቀልልልኝ ግን «ሌላውን ማንም ይምታው፣ ግድ የለኝም። ከሷ ድምፅ ሥር ያለውን ግን እኔ ነኝ የምመታው» አለኝ።

ያቃተው ግን ያው ቦታ ነበር። ከሠላሳኛው ሳጥን እስኪያልፍ ድረስ ንጹሕ ይመጣል፤ ሠላሳ አንደኛው ላይ ይንገዳገዳል፤ ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ከሁሉም ወደ ኋላ ቀርቷል። ሐንዲሱ እጁን ያነሳል። «እንደገና» ይላል። አይቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሁለት መቶ አሥራ ስድስተኛው ቅጂ ላይ ደረስን። ሐንዲሱ እጁን አነሳና በማይክራፎን ወደ ውስጥ ተናገረ፤

«ወንድሜ፣ ደክሞሃል።»

«ደክሞኛል» አለ ድራመሩ።

«በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ሰው አነጋግሬአለሁ። ወረቀቱን አይቶታል። እስከ ዓርብ ካልሆነልህ ሰኞ እሱ መጥቶ ይህቺን ክፍል ብቻ ይመታልናል። ሌላው ሁሉ የአንተ ነው።»

ድራመሩ በትሮቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። የግራ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል። ዝምተኛው ሶፋው ላይ ተጋድሞ «እኔንም በመምህር ለውጠኝና እንቅልፌን ልተኛ» አለ፤ የሳቀለት አልነበረም። በዚህ መካከል ላይኛው ፎቅ ላይ አንዱ የስፌት መኪና ተነሳ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተሉ፣ ሰዓታችንም አለቀ።

ሐንዲሱና ዝምተኛው ምሳ ፍለጋ ሲወጡ ድራመሩ ከእኔ ጋር ቀረ። ፈረቃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ አሥራ ሦስቱን በምንድን ነው የምትቆጥረው?» አልኩት።

«በፌርማታ።»

«በምን?»

«በፌርማታ። መስመሬ አሥራ ሦስት ፌርማታ አለው። ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ድልድይ፣ ፖስታ ቤት እያልኩ እሄዳለሁ። ቁጥር ያደናግረኛል፤ ፌርማታ ግን አልስትም፤ ዘጠኝ ዓመት ነድቼበታለሁ።»

«ታዲያ ሠላሳ አንደኛው ላይ ምን ትሆናለህ?»

ፋሻውን ማላላት ጀመረ። «እነሱ ይደርሳሉ፣ እኔ አንድ ፌርማታ ይቀረኛል። ሁልጊዜ አንድ። የት ላይ እንደምጨምራት አላውቅም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሷ እንዳትነግራት እንጂ፣ ስምሪት ክፍል ሄጄ ከጠዋቱ ፈረቃ አውጡኝ ብያለሁ። ጠዋት ሰው ይበዛል። ጭንቅላቴ እንዲህ ከሆነ አንዱን ቀን መብራት ጥሼ ብሄድስ?» አለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «ሁልጊዜ አንድ» ያላት ነገር አልለቀቀችኝም። የደከመ ሰው ስህተቱ ይለያያል፤ አንድ ቀን አንድ፣ አንድ ቀን ሁለት፣ አንድ ቀን ሌላ ቦታ። የዚህ ሰው ስህተት ግን ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የሐንዲሱን መሪ መስመር ብቻውን ከፈትኩና ስክሪኑን በጣቴ እየነካሁ ምቱን መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ዘጠነኛው ሳጥን አሥራ ሦስት። ሠላሳኛው አሥራ ሦስት። ሠላሳ አንደኛው አሥራ ሁለት።

እንደገና ቆጠርኩ። በወረቀት ላይ እያሰመርኩ ቆጠርኩ። ወጥቼ ፊቴን ታጥቤ መጥቼ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ነው። ሐንዲሱ ያን ቀን ብቻውን ሲጫወት አንድ ምት ዘሏል። ቤዙ እሱን ሰምቶ ተጫወተ፣ ጊታሩ እሱን ሰምቶ ተጫወተ፣ እሷም እሱን ሰምታ ዘፈነች። ወረቀቱን የተከተለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለመጣ የሁሉም ዓይን እሱ ላይ አረፈ። ስለ ራሴም መናገር አለብኝ። መሪው መስመር ሲቀዳ እዚያው ተቀምጬ ነበር። የድምፁን መጠን ሳስተካክል ነበር፤ አልቆጠርኩም። ሐንዲሱ ይሳሳታል ብሎ የቆጠረ ሰው አልነበረም።

ሮብ ጠዋት በመጀመሪያ ለሐንዲሱ ነገርኩት። ሰው ፊት ባይሰማው ይሻላል ብዬ ነበር፤ ዝምተኛው ግን ቀድሞ መጥቶ ሶፋው ላይ ነበር።

ሐንዲሱ ማዳመጫውን አድርጎ በእርሳስ ጠረጴዛውን እየመታ ቆጠረ። ሦስት ጊዜ።

«መሣሪያህ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አለኝ።

«መሣሪያው አይቆጥርም። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»

«ምሁሩስ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አለ ዝምተኛው።

ሐንዲሱ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሠላሳ አንደኛው ሳጥን ላይ ጣቱን አኑሮ ቆየ። «ወረቀቱ ትክክል ነው» አለ።

«ወረቀቱ ትክክል ነው። እጅህ ነው የዘለለው።»

«እንግዲያው መሪውን እንደገና እጫወታለሁ። ቤዙም ጊታሩም እንደገና።»

«እሷስ?» አለ ዝምተኛው። በዚህች ቃል ላይ ምንም ቀልድ አልነበረም።

ቆርጠን አንድ ምት ብናስገባ ብለን ሞከርን። ግን እሷ ያን ድምፅ የያዘችው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ መቁረጫው የሚያርፈው መሀሉ ላይ ነው። ጎትቼ ለማስረዘም ሞከርኩ፤ ዘይት ያልጠጣ በር ሆነ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሰ። ሐንዲሱ «ተወው» አለኝ።

ሐንዲሱን ግትር አድርጎ መሣል ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። ስድስተኛው ክፍል የአራተኛው ግልባጭ ነበር፤ ከመጨረሻው ሳጥን ተነስቶ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ሁለቱ በምት ብዛት እኩል ናቸው። ያን ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። አንድ ምት ከጎደለ ሚዛኑ ይዛነፋል።

«ማን ይሰማዋል?» አለው ዝምተኛው።

«እኔ» አለ።

በምሳ ሰዓት ድራመሩ ከሚስቱ ጋር መጣ። ከሐኪም ቀጠሮ እየተመለሱ ነበር። አንገቷ ላይ ስስ ሻርፕ አድርጋለች። ሐንዲሱ ሊናገር አፉን ከፍቶ ስለተወው እኔ ነገርኳቸው። ሳላሳምር፣ ሳላሳንስ፣ ስክሪኑን አሳይቼ።

ድራመሩ የድራሙ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«ከመጀመሪያው።»

«ሦስቱን ሳምንት ሁሉ?»

«ሁሉንም።»

ራሱን ነቀነቀ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ረጅም መንገድ ሄዶ አድራሻው ሌላ ነው የተባለ ሰው ይመስል ነበር።

ሚስቱ ናት የተናገረችው። «እኔ እኮ ሰምቼው ነበር» አለች በዚያ በሻከረ ድምፅዋ።

ሁላችንም ዞርን።

«ምኑን?» አላት ወንድሟ።

«ስትዘል። አውቀህ ያደረግከው መሰለኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንገቴን ሊከፍቱት እኮ ነበር በሁለተኛው ቀን። ስለ አንዲት ምት ማን ያስባል? ደግሞ ትንፋሼ ሊያልቅ ነበር፤ ቶሎ መድረሳችን ጠቀመኝ።»

ዝምተኛው መሣቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። እሷም ተከተለችው፤ ሣቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ባሏ ተነስቶ ውኃ አመጣላት።

ሐንዲሱ አልሳቀም። ድራመሩ ፊት መጥቶ ቆመ። «ትክክል የነበርከው አንተ ነህ» አለው። «በወረቀቱ እንሂድ ካልክ ዛሬውኑ መሪውን እንደ አዲስ እጫወታለሁ። መብትህ ነው።»

«እሷን ምን ታደርጋታለህ?»

«ዝቅ አድርጌ እዘፍነዋለሁ» አለች እሷ። «እኔን ሰበብ አታድርጉኝ። ላሰማችሁ?» አንገቷን ቀና አድርጋ ዜማውን ከታች ጀመረችው። ይወጣል፤ ቆንጆም ነው ለማለት ይቻላል። ከፍ ወደሚለው ቦታ ስትደርስ ግን ድምፁ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አየር ብቻ ቀረ። እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እየተማርኩት ነው» አለች።

ድራመሩ ውኃውን ከእጇ ተቀበላት። ሚስቱን አላያትም፤ ሐንዲሱን ነው ያየው።

«ሠላሳ አንደኛው ስንት ምት ነው?»

«ወረቀቱ ላይ...»

«ወረቀቱን አልጠየቅሁህም። የተቀዳው ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት እመታለሁ። አንተ ግን ግድግዳው ላይ ጻፈው። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ሲያይ ድራመሩ ነው የሳተው እንዳይል።»

ሐንዲሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«በእስክሪብቶ» አለ ድራመሩ።

እስክሪብቶ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሐንዲሱ ግድግዳው ፊት ቆሞ ለመጻፍ የፈጀበት ጊዜ ለአንዲት ቁጥር የሚበዛ ነበር። የአሥራ ሦስቱን ሦስት ሰርዞ ሁለት አደረገ። ከዚያ ስድስተኛው ክፍል ድረስ በግድግዳው እየተራመደ ሄዶ፣ ግልባጩን ሳጥን ፈልጎ እዚያም እንዲሁ አደረገ። የመሪውን መስመር ስድስተኛ ክፍል ከሁለት ወር በፊት ተጫውቶት ነበር፤ እንደገና መጫወት ሊኖርበት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በአንዴ የተሳካ ቢሆን ደስ ባለኝ። አልተሳካም። እጅ ሦስት ሳምንት የተማረውን በአንድ ምሳ ሰዓት አይረሳም። ሮብ ዕለት ድራመሩ አሁንም አሥራ ሦስት መታ፤ ከዚያ ፈርቶ አሥራ አንድ መታ፤ ከዚያ ሠላሳኛው ላይ ገና ሳይደርስ በትሩ ከእጁ ወደቀ። ሐሙስ አሥራ አራት ጊዜ ቀዳን። የስፌት መኪኖቹ ሊነሱ አራት ደቂቃ ሲቀራቸው አሥራ አምስተኛውን ጀመርን።

እሷ ከእኔ ጎን ተቀምጣ ነበር። ሃያ ስምንተኛው ሳጥን ላይ የራሷ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ሲነሳ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ከድምፁ ሥር ድራሙ ሳይቸኩል ይመጣል። ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ። አለፈ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ እሷና እሱ አንድ ላይ ደረሱ። የቀረው ጥሩ ነው አልልም፤ አርባኛው ላይ አንድ ሲምባል ዘግይቷል፣ መጨረሻው ትንሽ ይቸኩላል። ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቅን። ሐንዲሱ እጁ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። መልሶ አስቀመጠው።

«ይሁን» አለ።

ድራመሩ ማዳመጫውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ሚስቱ በመስታወቱ በኩል አንጓውን በጣቷ አሳየችውና ፋሻውን ቀይር ማለቷን በምልክት ነገረችው።

ሐንዲሱ ስልኩን አወጣ። እዚያው ሁላችን ባለንበት፣ ወደ ውስጥ የምንናገርበት ማይክራፎን ክፍት እንደሆነና ድምፁ በውስጠኛው ድምፅ ማጉያ ድራመሩ ዘንድ እንደሚደርስ እያወቀ ደወለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። ሰኞ እንዳይደክሙ ብዬ ነው። አዎ፣ ተቀዳ። አይ፣ እሱ ራሱ።» ወዲያኛው ሰውዬ አንድ ነገር ጠየቀው። ሐንዲሱ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ግድግዳው ዞረ። «አይደለም፤ ድራመሩ አይደለም የሳተው። ምት የዘለልኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ። ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኩዎት።»

ድራመሩ የሲምባሉን ማጥበቂያ እየፈታ ነበር። ቀና አላለም። እጁ ግን ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ጣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈረቃው ደርሶ ስለነበር ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ «ሰኞ ምን አለን?» አለ።

«አምስተኛው ክፍል» አለ ሐንዲሱ። «አሥራ አንድና ዘጠኝ እየተፈራረቀ።»

«ተቆጥሯል?»

ሐንዲሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ወንበሬን ወደ ስክሪኑ ሳብኩና የአምስተኛውን ክፍል መሪ መስመር ከመጀመሪያው ከፈትኩ።